«40 ብለህ ሙላው»፦ በአንዲት ትንሽ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ያለፉ 19 ሳምንታት

አርብ አመሻሽ ላይ ነው። የሰዓት መሙያው ኤክሴል ፊቴ ተከፍቷል። ከሰኞ እስከ አርብ አምስት ሳጥን፣ ጫፍ ላይ ደግሞ «ድምር» የሚል ስድስተኛ ሳጥን አለ። ሰኞ 10፣ ማክሰኞ 13፣ ረቡዕ 10፣ ሐሙስ 14፣ አርብ 11። ድምሩ 58 መጣ። ላክሁት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቃችን መጥቶ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄን አስተካክለው፤ 40 ብለህ ሙላው። ኮንትራቱ ከዚያ በላይ አይሸከምም» አለኝ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እኔም አስተካከልኩት። 8፣ 8፣ 8፣ 8፣ 8። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲያስታውሰኝ አላስፈለገም፤ አርብ በመጣ ቁጥር እጄ ራሱ 8 እየጻፈ ይወርዳል።

ስለ መጥፎ አመራር ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው የሚሳደብ አለቃ ነው። የእኛ እንደዚያ አልነበረም። ሰው አክባሪ ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ ከማናችንም በላይ ያመሽ ነበር። ያም ሆኖ እሱ በሚመራው በአንድ ፕሮጀክት ብቻ ጎበዝ ሰው አጥተናል፣ ደሞዝ ዘግይቶብናል፣ ደንበኛችንም ቅር ተሰኝቶብናል። ይሄ ሁሉ እንዴት እንደመጣ ቆይቼ ሳስበው፣ ከብዙ ምክንያቶች መሃል አንዱ እየገፋ ወደፊት ይመጣብኛል፤ ያቺ የድምር ሳጥን። ስለዚህ ጉዳዩን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እኔም ያጠፋሁትን ሳልደብቅ ልጻፈው።

ድርጅቱ ዘጠኝ ሰው ነው ያለው። ባለቤቱ፣ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛና ሰባት አማካሪዎች። ባለቤቱ ራሱ ድሮ በጣም ጥሩ አማካሪ ነበር። የቆየ ፋይል ስከፍት ሥራውን አይቼዋለሁ፤ ንጹህ ነው። ሥራ በማምጣት ደግሞ የሚያህለው የለም። አንድ ስብሰባ ገብቶ ሲወጣ ሰዎቹ ቀድሞም የሚያውቁት ይመስላሉ። ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ደግሞ በራሱ እጅ ይዞታል። ፕሮፖዛሉን የሚጽፈው እሱ፣ ዋጋ የሚተምነው እሱ፣ ሪፖርት የሚያርመው እሱ፣ ደንበኛ ጋ የሚደውለው እሱ። ፕሮጀክቱን ከላይ ሆኖ የሚከታተል፣ «ይሄ አይደርስም» ብሎ የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም።

የማማከር ሥራ የሚሸጠው ሰዓት ነው። መጋዘን የለውም፣ ማሽን የለውም። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ቢሠራ 2,080 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ የዓመት ፈቃድ አለ፣ በዓል አለ፣ ሕመም አለ፣ የውስጥ ስብሰባ አለ፣ ያልተሸነፈ ፕሮፖዛል ሲጻፍ የሚያልፍ ጊዜ አለ። ለዚህ ነው ብዙ አማካሪ ድርጅቶች ከአንድ ሰው ጊዜ ደንበኛ የሚከፍልበት ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ብለው የሚያቅዱት። 75 በመቶ ብንል 1,560 ሰዓት ነው። የእኛ ዕቅድ ግን ሁሌም 100 በመቶ ነበር። አንድ ሰው ለ14 ሳምንት ከተመደበ፣ 14 በ40 ተባዝቶ ይጻፋል። ለጉንፋን እንኳ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ፕሮጀክቱ። ደንበኛችን 11 ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ነው። ዕቃ እንዴት ወደ መጋዘን እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚቆጠር አጥንተን፣ ክፍተቱን አሳይተን፣ መመሪያ እንድናዘጋጅ ነው የተዋዋልነው። ውሉ ላይ የተጻፈው 7 ቅርንጫፍ በአካል ይጎበኛል የሚል ነው። 14 ሳምንት፣ 3 ሰው፣ የተቆረጠ ዋጋ። 3 ሰው በ14 ሳምንት፣ በ40 ሰዓት፣ 1,680 ሰዓት። ብዙ ሠራን ትንሽ ሠራን የሚከፈለን ያው ነው። ሦስቱ ሰዎች አንዲት ሲኒየር፣ እኔና አንድ አዲስ ጁኒየር ነበርን።

የተቆረጠ ዋጋ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሥራው በደንብ ከታወቀ ለሁለቱም ወገን ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ በትክክል ስንት ሰዓት እንደፈጀ ማወቅ። ያ 14 ሳምንት ከየት እንደመጣ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ነበር፤ በሰዓት መዝገቡ ላይ 3 ሰው፣ 14 ሳምንት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይላል። አለቃችን ያንን ከፍቶ ነው የተመነው። በዚያኛው ፕሮጀክት ላይ የነበረችው ይህችው ሲኒየራችን ናት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉ እንገባ ነበር እኮ» አለችኝ። «ማታ ማታም።» እነሱም 40 ብለው ሞልተው ነበር።

ይሄን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች ዕቅድ ሲያወጡ ለምን ሁሌ ጊዜ እንደሚያሳንሱ ጽፈው ነበር። ሰው የራሱን ሥራ ብቻ እያየ፣ ሁሉም ነገር የሚሳካ እየመሰለው ያቅዳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራዎች ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደወሰዱ ማየት ነው። አለቃችን በአቅሙ ይህንኑ አድርጓል። ወደኋላ ሄዶ አይቷል። ያየው መዝገብ ግን ውሸት ነበር፤ ውሸቱን ያስጻፈውም ራሱ ነው። ያልተጻፈው ሰዓት የትም አልጠፋም። በሚቀጥለው ፕሮፖዛል ላይ ዋጋ ሆኖ ተመልሶ መጣ፣ በእኛም ጫንቃ ላይ አረፈ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደንበኛው ቢሮ ስብሰባ ነበረን። በእነሱ በኩል ሥራውን የሚከታተሉት ሴት ረጋ ያሉ፣ ሁሉንም ነገር በእጅ የሚጽፉ ሰው ናቸው። የጉብኝቱን ዝርዝር እያዩ «ሰባቱ ብቻ ናቸው እንዴ የሚታዩት?» ብለው ጠየቁ። ልብ በሉ፣ ጨምሩ አላሉም። ጠየቁ ብቻ። አለቃችን ቀበል አደረገና «እርስዎ ከፈለጉ አሥራ አንዱንም እናያለን፤ ምንም ችግር የለውም» አለ። ሲኒየሯ የያዘችውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሳቸው ደግሞ ደስ ብሏቸው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። በእኛ በኩል ግን ማንም አልጻፈውም።

አንድ ቅርንጫፍ ለመጎብኘት 2 ሰው 3 ቀን ይፈጅበታል። 48 ሰዓት ማለት ነው። አራት ቅርንጫፍ ሲጨመር 192 ሰዓት። መንገዱንና የሚሰበሰበውን መረጃ አጽድቶ መጻፉን ሳልቆጥር ነው። ስንመለስ ሲኒየሯ «ይሄ እኮ ውሉ ላይ የለም» አለችው። «እኛ የምንገነባው ግንኙነት ነው» አላት። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ በስልክ ሥልጠና ቃል ገባ። እኛ የሰማነው ደንበኛው «ሥልጠናው መቼ ነው?» ብሎ ሲደውል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱን ደንበኛው ላይ ያላክካል። ደንበኛ መጠየቁ ያለ ነው። እኚያ ሴት በመጨረሻ ላይ እኔው ፊት ያሉት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፦ «አራቱ ሲጨመሩ እንደሚያዘገይ ብትነግሩን ኖሮ እንተዋቸው ነበር። እኛ የቸኮልነው ለመመሪያው ነው።» አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር የሚያስፈልገው። «በዚህ ቀን በተደረገው ስብሰባ አራት ቅርንጫፍ ተጨምሯል፤ ይህም 192 ሰዓት ይፈልጋል፤ ወይ ጊዜው ይራዘም፣ ወይ ዋጋው ይስተካከል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይቀነስ።» አለቃችን ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደንበኛ ያስቀይማል ብሎ ያምናል። መጨረሻ ላይ ያስቀየማቸው መዘግየቱ ነው።

እርማቱ ሌላ ጣጣ ነበር። አንድ ወረቀት እሱ ሳያየው አይወጣም። ረቂቅ ሪፖርቱን አስረከብነው። ዘጠኝ ቀን እሱ ጋ ተቀመጠ። በአሥረኛው ቀን ሌሊት፣ ጎን ለጎን በቀይ የተጻፉ ከመቶ በላይ አስተያየቶች ይዞ መጣ። ገጽ 22 ላይ «ክምችት» የሚለውን ሁሉ «የዕቃ ክምችት» በሉት ይላል። አስተካከልን። በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ገጽ ከፍቼ ሳይ «ይሄ ይረዝማል፣ ክምችት ብቻ ይበቃል» የሚል አስተያየት አገኘሁ። የራሱን እርማት ነው ያረመው፤ ያንን አላስታወሰም። ደክሞት ነበር። በዚያው ሌሊት ሌላ ሁለት ሪፖርት አይቷል።

ከዚያ ሁሉ ቀይ መሃል አንድም ሰው ያላየው ስህተት ነበር። በአንዱ ቅርንጫፍ የቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ የመጨረሻው መስመር ድምሩ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ጉድለቱ ከእውነተኛው በላይ ጎልቶ ይታያል። ይህን ደንበኛው ነው ያገኘው፣ ያውም በስብሰባ ላይ፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ ባሉበት። ሰውየው ዕቃ ያጎደሉ መስለው ታይተው ነበር። ፊታቸው እንዴት እንደተለዋወጠ አልረሳውም።

ወጥተን ስንሄድ ጁኒየራችን ቀስ ብሎ «እኔ አይቼው ነበር» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት። ለምን አልተናገርክም አልኩት። «እርማቱ ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት። እንደገና ይከፈት ብል ሁላችሁንም የማስመሽ መሰለኝ፤ እሱም ደስ አይለውም ብዬ ፈራሁ።»

ልጁን አልወቀስኩትም። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጥሟት ነበር። የተሻለ አብረው የሚሠሩ ቡድኖች የመዘገቡት ስህተት ከሌሎቹ ይበልጣል። ጠለቅ ብላ ስታየው፣ ይበልጥ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። የእኛ ቢሮ በተቃራኒው ነበር። ወረቀት ላይ ሁሉም ደህና ነው። ሰዓቱ 40 ነው፣ ሰንጠረዡ ታርሟል፣ ዕቅዱ አረንጓዴ ነው። 58 ሰዓቱን 40 እንዲል የተማረ ቢሮ፣ የተሳሳተ ድምር ሲያይ ዝም ማለትን ለብቻው መማር አያስፈልገውም። አንዱ ሌላውን ያስከትላል።

አሥረኛው ሳምንት ላይ እንደማንደርስ ግልጽ ሆነ። አለቃችን መፍትሔ አመጣ፤ ከሌላ ፕሮጀክት ሁለት ሰው ጨመረልን። በቅን ልብ ነው ያደረገው፣ እኛም ለጊዜው ደስ ብሎን ነበር። ፍሬድ ብሩክስ የሚባል በአይቢኤም ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ የመራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 ከራሱ ልምድ ተነስቶ የጻፈው ሕግ አለ፦ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ ያዘገየዋል። የእኛ ሥራ ሶፍትዌር አይደለም፣ ግን የደረሰብን ያው ነው። ሦስት ሰው ሲሆኑ መነጋገር ያለባቸው ጥንዶች ሦስት ናቸው። አምስት ሲሆኑ አሥር። ሁለቱ አዲሶች ቅርንጫፎቹን አላዩም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አልነበሩም፣ የፋይሎቹን ስም እንኳ አያውቁም። በዚያ ሳምንት ለእነሱ በማስረዳት ብቻ 22 ሰዓት ሄደብኝ። አንደኛው የጻፈውን ምዕራፍ ሲኒየሯ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጻፈችው። ከድጡ ወደ ማጡ ገባን።

የገንዘቡን ነገር የተረዳሁት በአጋጣሚ ነው። ክፍያው በሦስት የተከፈለ ነበር፤ ሲፈረም 30 በመቶ፣ ረቂቁ ሲቀርብ 40 በመቶ፣ የመጨረሻው ሲጸድቅ 30 በመቶ። ረቂቁ መቅረብ የነበረበት በ8ኛው ሳምንት ነው፤ የቀረበው በ13ኛው። ስለዚህ ያ 40 በመቶ አልመጣም። በዚያ ወር ደሞዛችን 11 ቀን ዘገየ። ማንም ምንም አልነገረንም። ወሬ ብቻ ሆነ፤ ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፣ ሌላ ቦታ ሥራ ፈልጉ።

ወደ ሂሳብ ክፍል ሄጄ ጠየቅኋቸው። የሂሳብ ሠራተኛችን በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ ነገር አያበዙም። ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩና በጣታቸው አንድ መስመር ላይ ነኩ። «የኔ ልጅ፣ ሁሉም ይቺን ነው የሚጠብቀው» አሉኝ። ረቂቁን። ዘጠኝ ቀን አለቃችን ጋ የተቀመጠውን፣ «ክምችት» እና «የዕቃ ክምችት» ሲባልበት የከረመውን ረቂቅ። ቀጠል አድርገው፣ አለቃችን ራሱ ለሁለት ወር ደሞዝ እንዳልወሰደ ነገሩኝ።

ይህን ሳውቅ ንዴቴ በረደ፤ ያዘንኩት ግን ይበልጥ ነው። ሰውየው ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱን ደግሞ ለብቻው ይዞ ነበር። ቀዳዳውን ለመድፈን ቶሎ የሚከፍል ሌላ ትንሽ ሥራ ተዋዋለ፣ ለዚያ ሥራ ሲኒየሯን ለሦስት ሳምንት ግማሽ ቀኗን ወሰዳት፣ እሷ ስትሄድ ረቂቁ ይበልጥ ዘገየ፣ ረቂቁ ሲዘገይ 40 በመቶው ይበልጥ ራቀ። አንድ ቀን ሰብስቦን «ጓዶች፣ ረቂቁ ካልገባ ደሞዝ የለም፤ ምን ምን ብንቀንስ ነው በአንድ ሳምንት የሚደርሰው?» ቢለን እኮ የምንቀንሰውን እናውቅ ነበር። ሦስት አባሪ ነበሩ ማንም የማያነባቸው። ዘጠኝ ሰው ባለበት ቤት ገንዘብ ማጠሩን መደበቅ አይቻልም፤ ደሞዝ ሲዘገይ ሁሉም ያውቃል። ያልነገረን ምክንያቱን ብቻ ነው።

ሲኒየሯ በ15ኛው ሳምንት ለቀቀች። ከመልቀቋ በፊት አንድ ጠዋት ዘግይታ መጣች። ከታች መኪናዋ ውስጥ 20 ደቂቃ እንደተቀመጠች ነገረችኝ። «በሩን ልከፍት እጄን እዘረጋና እተወዋለሁ» አለች። አላለቀሰችም። ዝም ብላ እንደ ዜና ነው የነገረችኝ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋን ደግሞ በ17 በመቶ እንደሚጨምር ተገምቷል። እሷም እኔም ከ55 በላይ ነበርን። መዝገቡ ላይ ግን ሁለታችንም ጤናማ ነን፤ 40 ሰዓት።

ሥራው በ19ኛው ሳምንት አለቀ። ሪፖርቱ ጥሩ ነው፣ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። መመሪያው እስካሁን ይሠራበታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እውነተኛውን ሰዓት ለራሴ እጽፍ ነበር፤ ለማን እንደሚሆን ሳላውቅ። ደመርኩት። 19 ሳምንት፣ በአማካይ 57 ሰዓት፣ 1,083። በመዝገቡ ላይ ያለው 760። ልዩነቱ 323። ጁኒየሩም ስልኩ ላይ መዝግቦ ነበር፤ የእሱ 988 ሆነ፣ በመዝገቡ 760፣ ልዩነቱ 228። የሁለታችን ብቻ 551 ሰዓት የለም። ፕሮጀክቱ በሙሉ የተተመነው በ1,680 ነው። አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰዓት፣ ከሁለት ሰው ብቻ፣ የትም አልተጻፈም።

በአንድ ገጽ አድርጌ ይዤለት ገባሁ። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ነው ያነበበው። ከዚያ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለኝ።

«40 ብለህ ሙላው አልከኝ እኮ።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ንዴት ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ያየሁበት ግን ንዴት አይደለም። እንዲያ ማለቱን የረሳው ይመስለኛል። ለእሱ ያቺ ንግግር ደንበኛ እንዳይደናገጥ የተደረገች ትንሽ ማስተካከያ ናት፤ በየሳምንቱ ሦስት ሰው እንደሚደግማት፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ዋጋ እንደምትወስን ለአፍታም አላሰበም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። በዚያ ሳምንት የሚላክ አዲስ ፕሮፖዛል ነው። ሥራው ተመሳሳይ ነው፣ ቅርንጫፉ ዘጠኝ። 3 ሰው፣ 14 ሳምንት። ወይ ጊዜውን 19 እናድርገው፣ ወይ ቅርንጫፉን እንቀንስና ምክንያቱን እንጻፍ አልኩት። አሰበበት፣ እውነቱን ለመናገር አሰበበት። በመጨረሻ «በ19 አናሸንፍም» አለ። በ14 ተላከ። አሸነፍን።

የእኔን ጥፋት ልናገር። ደብተሬን 19 ሳምንት ደብቄ መያዜ ልክ አልነበረም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ያቺ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ፣ እኔም አይቻለሁ። በዚያው ቀን ለአለቃችን «ዛሬ በስብሰባው አራት ቅርንጫፍ ተጨምሯል፤ 192 ሰዓት ነው፤ ከየትኛው ሥራ ላይ ልቀንስ?» ብዬ ሁለት መስመር መጻፍ እችል ነበር። ይሄ አይቻልም ማለት አይደለም፣ እምቢ ማለትም አይደለም፤ ምረጥ ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ነገር አለቃን አያዋርድም፣ ደግሞም ቆይቶ ማን ምን እንዳለ አያጨቃጭቅም። ሰዓቱንም ቢሆን፣ 40 በል ስባል 40ውን «የሚከፈል»፣ 18ቱን «የማይከፈል» ብዬ ለይቼ መሙላት ይቻል ነበር። ደንበኛው የሚያየው 40ውን ብቻ ነው፤ ድርጅቱ ግን 58ቱን ያውቃል። ይሄን መፍትሔ ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ለሌላ ሰው ቶሎ ቢደርስለት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

እዚያ ቤት ሌላ ስድስት ሳምንት ቆየሁና መልቀቂያ አስገባሁ። አለቃችን አልተቀየመኝም። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ጥሩ ደብዳቤ ነው። አሁንም ሳገኘው ሰላም እንባባላለን፤ ሥራ እንደበዛበት ይነግረኛል።

የመጨረሻዋ አርብ ላይ ኤክሴሉን ከፈትኩ። ያ ሳምንት ርክክብ ስለነበር ብዙም አልከበደም፤ 46 ሰዓት ነው የሠራሁት። በየቀኑ እንደሠራሁት ሞላሁና ላክሁ። ትንሽ ቆይቶ የውስጥ ስልኩ ጮኸ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ 46 የሚለው ስህተት ነው?»

«አይደለም፣ የሠራሁት ነው።»

«እንደዚሁ ላስገባው?»

«እንደዚሁ ያስገቡት።»

ስልኩን ሳይዘጉ ቁልፎቹን ሲነኩ ሰማኋቸው። «ገብቷል» አሉኝ። ከጎኔ የነበረው ጁኒየር ልኮት የነበረውን የራሱን መዝገብ መልሶ ከፈተና ከሰኞ ጀምሮ 8ቶቹን ማጥፋት ጀመረ።